የሞተሩ አውጫጭኝ

ተረት አለኝ፤ «አምጣው» በሉኝ። ጆሮ ያለው ጆሮውን ያቅና፤ እንቅልፍ የያዘው እንቅልፉን ደጅ አስሮ ይግባ።

ድሮ ነው። ድሮ ስላችሁ ግን ያን ያህል ድሮ አይምሰላችሁ፤ ናፍጣም ነበረ፣ ሬዲዮም ነበረ። ብቻ ብረት ገና ዝም ማለትን አልተማረም። አይጥ ከሰው ጋር ታወጋለች፣ ወንፊት ከዱቄት ጋር ይጨቃጨቃል፣ ሞተርም ሆዱን ሲያመው ለባለቤቱ ይናገራል። በዚያ ዘመን እንዶድ በር በምትባል አገር ጋሽ ሽባባው የሚባል ባለ ወፍጮ ይኖር ነበር።

ጋሽ ሽባባው አንድ ሞተር ነበረው። አገሩ አያ ሞተር ይለዋል። አያ ሞተር ጠዋት ተነሥቶ ዱክ፣ ዱክ፣ ዱክ ሲል ድምፁ ሦስት ጋራ ተሻግሮ ይሰማል። ይህን ጊዜ ሴቱ እህሉን ይቋጥራል፣ አህያው ጆሮውን ያቆማል፣ አገር ምድሩ ወደ ወፍጮ ቤት ይወርዳል። እንዲህ ከሆነ አሥራ ስምንት ዓመት አለፈ። የእጅ ወፍጮ ድንጋዮችም ከየቤቱ ወጥተው የደጅ መረማመጃ፣ የጭቃ እግር መጥረጊያ ሆነዋል። በእጇ ፈጭታ የምታውቅ ልጃገረድ በእንዶድ በር አልቀረችም።

ጋሽ ሽባባው ሞተሩን ይወደዋል። በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ከእግር እስከ ራሱ አረንጓዴ ቀለም ይቀባዋል። ሚስቱ እትዬ የወርቅውሃ እኔንስ በዓመት አንዴ እንዲህ ብትቀባኝ ምን ነበረበት እያለች ትተርበዋለች፤ እሱም ይስቃል። ሰዉ ደግሞ ሽባባው የሞተር ሆድ ያውቃል ይላል። ጋሽ ሽባባው ይህ ሲባል ይሰማል፤ አይደለም ብሎ አያውቅም።

በወፍጮ ቤቱ ጥግ፣ ከጆንያ በስተጀርባ፣ እመት አይጢት ትኖራለች። አንድ ቀን በሚያዝያ ወር መጥታ፣ ከወደ ሞተሩ ጎን ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ነገር እሰማለሁ አለችው። ጋሽ ሽባባው የራስሽ ጥርስ ይሆናል ብሎ መለሳት። እመት አይጢት ጥርሷን በምላሷ ዳሰሰችና፣ ምናልባት ብላ ሄደች።

ሚያዝያ አለፈ፣ ግንቦት አለፈ፣ ሰኔ አለፈ። ለሐምሌ አቦ አራት ቀን ሲቀረው፣ እንዶድ በር በሙሉ የክረምት እህሉን ሊያስፈጭ ተሰልፎ ሳለ፣ ያ ቀጭ የሚለው ድምፅ ቋ አለ። አንዴ ቋ፣ ሁለቴ ቋ፣ በሦስተኛው አያ ሞተር ዝም አለ። እንዲያ ያለ ዝምታ በዚያ አገር ተሰምቶ አይታወቅም። አህዮቹ እንኳ ሳር መንጨታቸውን ትተው ቀና አሉ።

ጋሽ ሽባባው የጎኑን ክዳን ፈቶ አየ። ሞተር እንደ ሰው ይተነፍሳል፤ ትንፋሹ የሚገባበትና የሚወጣበት በር አለው። እነዚያን በሮች እየዞረ የሚከፍትና የሚዘጋ ዘንግ ካምሻፍት ይባላል። እሱ ነው የተሰበረው። አፍንጫው ረግፏል፣ አንገቱ ላይ ያጠለቃት የነሐስ ቀለበትም ተሰባብራለች፤ ስብርባሪው በሞተሩ ሆድ ውስጥ ተበትኗል።

«ጋሼ» አለ አያ ሞተር፣ «የተሰበረውን መተካቱ ቀላል ነው። ስባሪው ግን ትልቁ ዘንጌ፣ ኮሎዬ ዘንድ ከደረሰ ይፈጨዋል። ኮሎዬ ከተፈጨ እኔ ሁለተኛ አልነሣም።»

ጋሽ ሽባባው ሰማ፤ ፈራም። ሌላው ወፍጮ ያለው ከጭሳ ወንዝ ማዶ ነው። ጭሳ ደግሞ በሐምሌ አቦ ሲሞላ እስከ መስቀል ሰውም አህያም አያሻግርም። እህሉን ያላስፈጨ ክረምቱን በሙሉ ንፍሮ ይበላል፤ ጥርስ የሌለው ሽማግሌና ጥርስ ያላወጣ ሕፃን ምን እንደሚበላ እግዜር ይወቅ። ሰዉ ከአሁኑ እንሻገር ወይስ እንቆይ ብሎ ጠየቀው። ጋሽ ሽባባው ቆዩ፣ ነገ እፈጭላችኋለሁ አለ። አመኑት፤ የሞተር ሆድ ያውቃል አይደል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ስባሪዎቹ በጨለማው ሆድ ውስጥ ይመክሩ ነበር። ትልልቆቹ እኛ ከዘይቱ ጋር ተኝተን እናድባለን አሉ። ደቃቆቹ እኛ ከታች፣ ከዘይት ማጠራቀሚያው ከኮፓ ወለል ላይ እንለጠፋለን አሉ። ከነሐሷ ቀለበት የረገፈች፣ የጥፍር ቁራጭ የምታህል አንዲት ቢጫ ስባሪ ግን ብቻዋን ቆመች። ስሟን ነሐሲት እንበላት።

«እኔ የተወለድሁት እዚህ ነው» አለች ነሐሲት። «የወጣ ሁሉ ይጣላል፤ ሲጣል አይቻለሁ። እኔ ማንም የማያውቀው ጓዳ አውቃለሁ።» ይህን ብላ በዘይቱ ጀርባ ታዝላ ሄደች።

በማግስቱ ጋሽ ሽባባው ተነሣ። ከጣሪያው ማገር ላይ በቅባት ጨርቅ ተጠቅልሎ ለክፉ ቀን የተንጠለጠለ አዲስ ካምሻፍት ነበረው፤ አወረደው። ከዚያ ጥቁሩን ዘይት ወደ ባልዲ ሊቀዳ ሲል ወንፊት ከግድግዳው ላይ ጠራው።

«አሥራ ስምንት ዓመት እንክርዳዱን ከእህል፣ እብቁን ከዱቄት የለየሁልህ እኔ አይደለሁም ወይ?» አለ ወንፊት። «በእኔ ያለፈ ምን ነውር ተገኝቶበት ያውቃል?»

እውነቱን ነው አለ ጋሽ ሽባባው። ባለ ወፍጮ ወንፊቱን ካላመነ ማንን ያምናል? ከአልጋው ሥር አንድ ጀሪካን አዲስ ዘይት ነበረው፤ እሱ ግን ለመስከረም የተቀመጠ ነው፤ ዘይት ደግሞ እንደ ውኃ አይደፋም። ስለዚህ አሮጌውን በወንፊት አጠለለው። ትልልቆቹ ስባሪዎች ወንፊቱ ላይ ቀሩ፤ ቢቆጥራቸው አሥራ አንድ ሆኑ። ያለፈውን ዘይት መልሶ ሞላው፣ አዲሱን ካምሻፍት አስገባ፣ ሞተሩን አስነሣ።

ዱክ አለ። ዱክ፣ ዱክ አለ። ሰዉ እልል ሊል አፉን ሲከፍት፣ አያ ሞተር «ጋሼ፣ አቁመኝ፤ ወጋኝ» አለ። ጋሽ ሽባባው ዘሎ አቆመው።

ትልቁን የያዘ ወንፊት ደቃቁን አሳልፎ ነበር። ወንፊትም የእኔ ሥራ ዱቄት ማሳለፍ ነው፣ ይህን ደግሞ ዱቄት መስሎኝ ነው ብሎ ግድግዳው ላይ ተመልሶ ተሰቀለ። ሰዉ እንሻገር አለ። ጋሽ ሽባባው ግን ቆዩ፣ ነገ እፈጭላችኋለሁ አለ። ግማሹ ደስ ሳይለው ቆየ፤ ግማሹም የቆየው ግማሽ ስለቆየ ቆየ።

በሁለተኛው ቀን ጋሽ ሽባባው ቤቱ የነበረውን የሞተ ሬዲዮ ፈታና ከድምፅ ማውጫው ማግኔቷን አወጣ። ማግኔት ኩራተኛ ነች። ስትናገር እንደ ወይዘሮ ናት።

«እኔ ጠርቼው የቀረ ብረት የለም» አለች። «በገመድ እሰረኝና አውርደኝ። ቆመህ ተመልከት።»

በገመድ አስሮ ወደ ኮፓ አወረዳት። አንዴ ብትወርድ እንደ ባሕታዊ ጢም አውጥታ ወጣች፤ ደቃቁ ብረት ሁሉ ተለጥፎባት ነበር። ጠርጎ ሁለተኛ ቢያወርዳት ጢሟ የጥቂት ቀን ብቻ ሆነ። ሦስተኛ ቢያወርዳት እንደ ሕፃን ጉንጭ ለስልሳ ወጣች። እንግዲህ ንጹሕ ነው አለች ማግኔት፤ እሱም አመናት። ዘይቱን ዳግመኛ አጥልሎ ሞላና አስነሣ።

ዱክ፣ ዱክ፣ ዱክ አለ። ድምፁ አንዱን ጋራ ተሻገረ፣ ሁለተኛውን ተሻገረ። ሦስተኛው ጋራ ሳይደርስ አያ ሞተር በቀስታ ተናገረ።

«ጋሼ፣ ጠማኝ። ዘይቱ ኮሎዬ ዘንድ አልደርስ አለ። አንቆ የያዘው ነገር አለ።»

ጋሽ ሽባባው አቆመው። በጨለማው ጓዳ ነሐሲት ለራሷ ሳቀች። ማግኔት ብረት፣ ብረት እያለች ስትጣራ ዋለች፤ እኔ ብረት አይደለሁም፣ በሰው ስም ሲጠሩ ምን ብዬ አቤት እላለሁ አለች።

ያን ቀን በደጋው በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ዝናቡ እዚያ ወረደ፣ ውኃው ግን ወደዚህ መጣ። በማግስቱ ጠዋት ጭሳ አቦን ሳይጠብቅ ሞልቶ፣ ግንድና የአጥር እንጨት እየተሸከመ፣ ከዳር እስከ ዳር ቡናማ ሆኖ ይወርድ ነበር። ሰዉ ወንዙ ዳር ሄዶ አየና ተመለሰ። ጋሽ ሽባባውን የሰደበው የለም። እማማ ዘርፌ፣ በሰልፉ መጀመሪያ ሦስት ቀን የተቀመጡት ባልቴት፣ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ብቻ እንዲህ አሉት፦

«ልጄ፣ ቆዩ አልኸን፣ ቆየንልህ። ወንዙ ግን አልቆየልንም።»

ቢሰድቡት በተሻለው። ጋሽ ሽባባው ወፍጮ ቤት ገብቶ በሩን ገጠመና ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። አፈረ። እንዲህ አፍሮ አያውቅም። እመት አይጢት ከጆንያው ላይ ወርዳ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ጋሽ ሽባባው» አለች፣ «ሰው አገር ውስጥ ነገር ሲጠፋበት ምን ያደርጋል?»

«አውጫጭኝ ይቀመጣል» አለ ጋሽ ሽባባው፤ ብሎም ቀና አለ።

አውጫጭኝ እንግዲህ እንዲህ ነው። አገር ውስጥ የተሰረቀና የተሸሸገ ነገር ሲኖር ሕዝቡ በሙሉ ሜዳ ላይ ይቀመጣል። ድኻም ይቀመጣል፣ ሀብታምም ይቀመጣል። የተሸሸገው እስኪወጣ ወደ ቤቱ የሚሄድ፣ እሳት የሚያነድ፣ ምሳ የሚበላ የለም። ሁሉም በየተራው ይምላል።

ጋሽ ሽባባው ወጥቶ የአያ ሞተርን ዘመዶች በሙሉ ለአውጫጭኝ እጠራለሁ አለ። እትዬ የወርቅውሃ ቤት ገብታ ለበዓል ብቻ የሚለብሰውን ነጭ ጋቢ አመጣች። በነጭ ላይ ምንም አይደበቅም ብላ በደጁ ሣር ላይ ዘረጋችው። በዚያ ጠዋት ፀሐይዋም ወጥታ ነበር።

ከዚያ መፍታት ጀመረ። ክዳኑን ፈታ፣ ራሱን ፈታ፣ ኮፓውን ፈታ። የፈታውን በናፍጣ ያጥባል፣ በጨርቅ ያደርቃል፣ በተወለደበት ቅደም ተከተል ጋቢው ላይ ያስቀምጣል። ሰዉ መጥቶ ዙሪያውን ተቀመጠ። አሥራ ስምንት ዓመት ድምፁን ሲሰሙ በኖሩት ሞተር ሆድ ውስጥ ይህ ሁሉ ነገድ እንዳለ ማንም አያውቅም ነበር። ኮሎው ሲወጣ፣ እንደ እባብ የተጠማዘዘ፣ እንደ መስተዋት የሚያበራ፣ ሁለት ሰው የሚሸከመው ሆኖ ሲወጣ፣ ወንዶቹ ሳያስቡት ከራሳቸው ላይ ቆባቸውን አወረዱ።

እትዬ የወርቅውሃ የተሰበረውን ካምሻፍት አፍንጫ እንደ ገንቦ ገል ገጣጠመችው። ሞላ። የነሐሷን ቀለበት ገጣጠመች፤ አልሞላችም። ከወገቧ የጥፍር ቁራጭ የምታህል ጎደለች።

«የጠፋችው ቢጫ ናት» አለች። ማግኔትም እኔ የምጠራው ወገኔን ብቻ ነው፣ ይህን አስቀድሜ መናገር ነበረብኝ ብላ አንገቷን ደፋች።

መሐላው ተጀመረ። ኮፓ ማለ፤ የታጠበ ሆዱን ለሁሉ አሳየ፤ ባዶ ነው። ማጣሪያ ማለ፤ ውስጡን ፈተው ዘረጉት፤ የለም። ኮሎ ማለ፤ እኔ ጥም እንጂ ነሐስ አልደረሰኝም አለ። ተራው የዘይት ሆነ። አሮጌው ዘይት በባልዲው ውስጥ ጠቁሮ ተቀምጧል። ጋሽ ሽባባው ጠየቀው፤ ዝም አለ። ሁለተኛ ጠየቀው፤ ዝም አለ። ሦስተኛ ጠየቀው፤ ፊቱ ላይ አረፋ እንኳ አልወጣም።

ይህን ጊዜ ከጋቢው ጫፍ አንድ የተሰበረ ድምፅ መጣ። አሮጌው ካምሻፍት ነበር።

«ጋሼ» አለ፣ «አውጫጭኝ ሲቀመጥ ዳኛውም ይምላል።»

ሰዉ ሁሉ ወደ ጋሽ ሽባባው ዞረ። እውነት ነው፣ ሕጉ እንዲህ ነው። ከእኔ ዘንድ ምንም የለም ብሎ መማል ይችል ነበር፤ እጁ ባዶ ነው፣ ኪሱም ባዶ ነው። ጋሽ ሽባባው ግን ከቆመበት ወረደና ከሌሎቹ ጋር መሬት ላይ፣ ከጋቢው ዳር ተቀመጠ።

«ከእኔ ዘንድ አለ» አለ። «ቀጭ የሚለውን እመት አይጢት ከመስማቷ በፊት እኔ ሰምቼዋለሁ። ከፋሲካ ጀምሮ እሰማው ነበር። የእሷ ጥርስ ነው ያልሁት እያወቅሁ ነው።»

እመት አይጢት እንደገና ጥርሷን ዳሰሰች።

«ለምን?» አሉ እማማ ዘርፌ።

«ስለማላውቀው ነው፣ እማማ። የሞተር ሆድ ያውቃል ስትሉኝ ዝም አልሁ እንጂ፣ እስኪሰበር ድረስ ከፍቼ አይቼው አላውቅም ነበር። ከከፈትሁት ልዘጋው አልችልም ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ በየዓመቱ ቀለም ቀባሁት።»

የሚስቱ ዓይን እንባ አቀረረ። ከዚያ ባልዲው ውስጥ አሮጌው ዘይት ተነፈሰ፤ አንዲት አረፋ ወጥታ ፈነዳች።

«እንግዲያው እኔም ልናገር» አለ ዘይት። «ነሐሲትን የተሸከምኋት እኔ ነኝ። እኔ ሁሉን አጠጣለሁ፤ የሚጋልበኝን ሁሉ እሸከማለሁ፤ ማን መልካም ማን ክፉ እንደሆነ አልጠይቅም። ብናገር አንተ አይደለህም ወይ ያደረስሃት ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ከደረት በታች አንድ ረጅም መንገድ አለ። በአንድ በኩል መግቢያ አለው፣ በሌላው በኩል መውጫ የለውም። እዚያ መጨረሻው ላይ ተቀምጣለች። ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ወጥታ በሩን ታንቃለች፣ ሲቆም ትመለሳለች።»

«መውጫ የሌለው መንገድ ማን ሠራ?» አለ ጋሽ ሽባባው።

«መውጫማ ነበረው» አለ አያ ሞተር ራሱ፣ ባዶ ሆዱን እንደያዘ። «የሠራኝ ሰው በአንዲት ብሎን ደፍኖት ነበር፤ ሲቆሽሽ እንዲከፈት። አንተ ቀባኸው፣ ጋሼ። አሥራ ስምንት ጊዜ ቀባኸው።»

ጋሽ ሽባባው ወደ ሞተሩ ጎን ሄዶ አረንጓዴውን ቀለም በቢላዋ ጫፍ ፋቀው። የአንዱ ዓመት ተነሣ፣ የሌላው ዓመት ተነሣ፤ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ አሥራ ስምንት እንቁጣጣሽ ከሥሩ ረገፈ። ከመጨረሻው ልጣጭ ሥር የብሎኗ ራስ ተገኘች። ፈታት። ናፍጣ ቢያፈስበት ናፍጣው ብቻውን ወጣ፤ ነሐሲት ግድግዳውን ሙጭጭ ብላ ይዛለች።

ጋሽ ሽባባው አፉን ወደ ቀዳዳው አቀረበና፣ እንደ ቀማኛ ሳይሆን እንደ ሽማግሌ፣ ለምን እንደማትወጣ ጠየቃት።

«ልትጥለኝ ነው» አለች ከውስጥ። «እዚህ ተወለድሁ፣ እዚህ ዞርሁ፣ እዚህ ተሰበርሁ። የት ልሂድ?»

«ያለቦታሽ ብትቀመጪ ቤቱን ትገድይዋለሽ» አላት። «ቤቱ ሲሞት አንቺም አብረሽ ትጣያለሽ። ከወጣሽ ግን አልጥልሽም። አገር ቁጭ ብሎ እየሰማኝ ነው።»

ነሐሲት ግድግዳውን ለቀቀች። ጋሽ ሽባባው በቀጭን ዘንግ ላይ ጥጥ ጠቅልሎ ቀስ አድርጎ አስገባው፤ ሲያወጣው ከጥጡ ጋር መጣች። ጋቢው ላይ ወድቃ ብልጭ አለች። እትዬ የወርቅውሃ አንሥታ ቀለበቷ ላይ ብትገጥማት ቀለበቷ ሞላች።

ከዚያ ነው ያ ነገር የሆነው። ጋሽ ሽባባው መንገዱ መጽዳቱን ሊያይ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ሌላውን ቀዳዳው ላይ አደረገ። ቆየ። በጣም ቆየ። በአያ ሞተር ሆድ ውስጥ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ቀጥ ያለና የሚያበራ መንገድ ነበር፤ በመንገዱ መጨረሻ ደግሞ ሰማዩ ነበር። አንዲት ጤፍ የምታህል ሰማያዊ ሰማይ፣ ደመና እንኳ የሚያልፍባት። አሥራ ስምንት ዓመት ብረት ብቻ መስሎት በሩን ደፍኖ የኖረው በዚህ ላይ ነበር። ጋሽ ሽባባው ከቀዳዳው ሲነሣ ዓይኑ እርጥብ ነበር፤ የናፍጣ ነው አላለም።

ሰዉ ተሰልፎ አየ። እያንዳንዱ ጎንበስ ይላል፣ ያያል፣ ለሚቀጥለው ቦታ ይለቃል። እማማ ዘርፌ ምርኩዛቸውን ለሰው ሰጥተው ጎንበስ አሉና ከሁሉ የበለጠ ቆዩ።

«እኔ በዚህ ዕድሜዬ ሰማይን ስፈልግ ሁልጊዜ ወደ ላይ ነበር የማየው» አሉ።

አሮጌው ዘይት እኔ እንግዲህ ልረፍ አለ። ዕረፍቱን አልከለከሉትም፤ ምስጥ እንዳይበላቸው የአጥር እንጨቶችን ቀቡበት፤ እዚያ በፀሐይ ተቀመጠ። ጋሽ ሽባባው የአያ ሞተርን ዘመዶች አንድ በአንድ ወደየቦታቸው መለሰ። ሲከፍት የፈራውን ያህል ሲዘጋ አልፈራም፤ ለካ በቅደም ተከተል የወጣ ነገር መግቢያውን ራሱ ይናገራል። ከአዲሱ ጀሪካን ግማሹን ሞላ። ሞተሩን አንድ ቁና ጤፍ በሚፈጭበት ጊዜ ያህል ብቻ አስነሥቶ አቆመና ያን አዲስ ዘይት መልሶ ቀዳው።

ሰዉ ደነገጠ። ወንፊትም ከግድግዳው ላይ ሆኖ በእኔ ይለፍ፣ ይተርፋል አለ። ጋሽ ሽባባው አላማከረውም። ዘይቱን በጋቢው ጫፍ ላይ ጠብ አድርጎ ወደ ፀሐይ ዘረጋው። ሁሉም ጎንበስ ብለው አዩ። ብልጭ ያለ ነገር የለም፤ ዘይቱ የመስከረም ማር ይመስላል። ይህን ጊዜ የቀረውን ግማሽ ሞላ።

ዱክ አለ። ዱክ፣ ዱክ፣ ዱክ አለ። አንዱን ጋራ ተሻገረ፣ ሁለተኛውን ተሻገረ፣ ሦስተኛውን ተሻገረ። ከጭሳ ማዶ ያሉ ሰዎች እንኳ ከሞላው ወንዝ ድምፅ በላይ ሰሙት ይባላል። በመጀመሪያ የተፈጨው የእማማ ዘርፌ ጤፍ ነው። በሐምሌ አቦ ዕለት በእንዶድ በር ዱቄት ያልነበረው ቤት አልነበረም።

ነሐሲት አልተጣለችም። ከቀለበቷ ጋር ወደ አንጥረኛ ሄዳ ቡሎ ለሚባል የአገሩ አህያ የቃጭል ምላስ ሆነች። ቡሎ እህል ተጭኖ ወደ ወፍጮ ቤት በወረደ ቁጥር ቃጭሉ ይጮኻል፤ አያ ሞተርም ዘመዴ መጣች ብሎ ዱክታውን ያሰማምራል።

ጋሽ ሽባባው ደግሞ በአቦ ዕለት ያን ዘይት የነካው ጋቢ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። እትዬ የወርቅውሃ ሌላ ልበስ ብትለው፣ የማልሁበት ነው ብሎ እንቢ አለ። ሰውም አልሳቀበት። ከዚያ ወዲህ ሞተሩን ቀለም የሚቀባው ብሎኗን አልፎ ነው። እመት አይጢት ቀጭ የሚል ነገር ሰማሁ ካለችው፣ እህል እየወረደም ቢሆን ያቆምና፣ የት ጋ ነው ብሎ ጎንበስ ይላል። አንዳንዴ የእሷው ጥርስ ሆኖ ይገኛል።

ስለዚህ በወንፊት ያለፈ ሁሉ ዱቄት አይደለም፤ የሌላውን ሆድ የሚያስፈትሽም መጀመሪያ የራሱን ያውጣ።

እኔ የያዝሁትን አወጣሁ። ከእናንተ መካከል በሆዱ የሸሸገ ካለ፣ ጋቢው እንደተዘረጋ ነው።